«ቤቱን እይልኝ»

ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኛል። የተማርኩት ቴክኒክና ሙያ ነው። ፕላን እስላለሁ፣ የዋጋ ግምት እሠራለሁ፣ ባለቤትና ግንበኛ ሲጣሉ መሀል እገባለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አርማቸው ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረው። ከስሚንቶና ከብረት ጥያቄ ይልቅ በብዛት የሚመጣብኝ አንድ ልመና ነው፤ «እስቲ ቤቱን እይልኝ»። ሰውየው ሊገዛው ያሰበውን ቤት ምሰሶ በመዶሻ እንዳንኳኳለት፣ ጣሪያውን ሽቅብ እንዳይለት፣ ከዚያ «ግዛ» ወይም «ይቅርብህ» እንድለው ይፈልጋል።

ባለፈው ጥር የመጣው ጎልማሳ ቡሬ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ እዚያው ቡሬ ሁለት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ መጸዳጃውና ቧንቧው ከአምስት አባወራ ጋር የጋራ ነው። አከራዩ ኪራዩን ባሻው ጊዜ ይጨምርበታል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። የእርሱ ውል ግን የአፍ ነው፤ በአፍ የገባ በአፍ ይወጣል። ታዲያ የሚስቱ ዘመድ ጅጋ ዳር ላይ የሚሸጥ ቤት አገኘላቸው፤ አራት ክፍል፣ ለብቻው የቆመ ማድ ቤት፣ ጌሾና ጥቂት ቡና የበቀለበት ጓሮ ያለው። ቡሬ ላይ በዚያ ገንዘብ ባዶ ቦታም አይገኝ።

ቡሬ ድሮም የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚያ ደርሶ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ነቀምት ይሻገራል። በ2013 የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቁ ደግሞ ከተማዋ ሠራተኛ ጠራች። ሠራተኛው መጣ፤ ቤት ግን ስለተጠራ አይመጣም። በዚያ ሰሞን እኔም ለቡሬ አከራዮች ሦስት በሦስት ተኩል የሆኑ የሰርቪስ ክፍሎች በተርታ እየደረደርኩ ስስል ከርሜያለሁ። ይህ ሰውዬ ከሳልኳቸው ባንዱ ውስጥ ይኖር እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ አብረን ጅጋ ሄድን። ሚስቱ ቀድማን ደርሳ፣ ከእናቷ ጋር ደጃፉ ላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ ግድግዳውስ ይሁን፤ እኔ የምፈራው ምስጡን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር የጭቃ ቤት መሞት የሚጀምረው ከታች ነው። ባህር ዛፉ ልጡ ሳይላጥ፣ በደንብ ሳይደርቅ ከተቀበረ፣ የሚቀበረው ጫፉም በእሳት ካልተለበለበ ወይም የተቃጠለ ዘይት ካልተቀባ፣ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ይጨርሰዋል። ላዩ ደህና ምሰሶ ይመስላል፤ በመዶሻ ስትመታው ግን እንደ ከበሮ ይመልስልሃል። የጅጋው ቤት የማዕዘን ምሰሶዎች ጽድ ናቸው፤ ጽድ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን የተሠራ ቤት ነው። ከመሀል ካሉት ባህር ዛፎች ሁለቱ ብቻ አስተጋቡ። መሠረቱ በድንጋይ ሁለት ስንዝር ያህል ከመሬት ከፍ ብሏል፤ የጣሪያው ክፈፍም ረዘም ስለሚል ዝናብ ግድግዳውን አይገርፈውም። በምዕራብ በኩል ልስኑ ወድቆ ማገሩ ይታያል። ይህ የበሽታ ሳይሆን የእርጅና ምልክት ነው፤ ሁለት ምሰሶ ለውጦ፣ ጭቃ አቡክቶ እንደገና መለሰን ነው።

ከዚያ ካርታውን ጠየቅሁ። የርካሽ ቤት ነገር ሲነሳ ከመዶሻው በፊት የሚቀድመው ወረቀት ነበር፤ በዚያ ቀን ግን የሚስቱ የምስጥ ሥጋት መዶሻውን አስቀደመብኝ። ከከተማ ዳር ዋጋው የወረደ ቤት ሁሉ በርቀቱ ብቻ የወረደ አይደለም። ገበሬ ማሳውን ሸንሽኖ በሽማግሌ ፊት ይሸጣል፣ ገዢው በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ይመታበታል፤ «የጨረቃ ቤት» የምንለው ይኸው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። የከተማ ቦታም የሚገኘው በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነው፤ ለመኖሪያ ከሆነ እስከ 99 ዓመት። ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት ዶዘር አይመልስም። ግድግዳቸው እንከን ያልነበረበት የሁለት ደንበኞቼ ቤቶች እንዲህ ሲፈርሱ ቆሜ አይቻለሁ። የጅጋው ቤት ካርታ አለው፤ በካርታው ላይ ያለውም የሻጩ ስም ነው።

«እንግዲህ ልግዛ?» አለኝ።

ቤቱ ጤነኛ ነው አልኩት። ቀጥሎ የማላንኳኳው ነገር መጣ። ጅጋ ከፍኖተ ሰላም በደብረ ማርቆስ በኩል ናት፣ ቡሬ በባሕር ዳር በኩል። ሰውዬው ጠዋት ከጅጋ ፍኖተ ሰላም ይመጣል፣ መናኸሪያ ውስጥ መኪና ይለውጣል፣ ከዚያ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይገባል፤ ማታ ደግሞ ይህንኑ ይመልሳል።

ይህን መንገድ ግማሹን አውቀዋለሁ። ከ2011 እስከ 2014 አጋማሽ ቤቴ ፍኖተ ሰላም፣ ሥራዬ ቡሬ ነበር። ሁለቱ ከተሞች ቢራራቁ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። «ግማሽ ሰዓት» ይሉሃል፤ መኪናው ከተነሳ አዎ፣ ግማሽ ሰዓት ነው። ሚኒባስ የሚነሳው ግን ሲሞላ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ እደርሳለሁ፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፤ ሮጬ ስገባ አራት ወንበር ባዶ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ማንኩሳን የቦጋለ መብራቱ አገር ብሎ ያውቃታል፤ እኔ የማውቃት በትርፍ ሰው መጫኛነቷ ነው። አንዱ ይወርዳል፣ ሦስት ይገባል፣ በበርበሬ ወቅት ጆንያው ከእግራችን ሥር ይገባና ቡሬ እስክንደርስ እያስነጠስን እንሄዳለን። ከቤቴ ደጃፍ እስከ ሥራዬ ደጃፍ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኝ ነበር። ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ 18 ሰዓት። ሁለት የሥራ ቀን ሞልቶ ይተርፋል፤ ደመወዝ የለውም፣ እንዲያውም ታሪፍ የምከፍልበት እኔው ነኝ።

ቤቴ ያኔ አዲስ ነበር፤ በማኅበር በደረሰኝ ቦታ ላይ የሠራሁት ብሎኬት ቤት፣ ሳሎኑ ሰፊ። ሰፊውን ሳሎን በቀን ብርሃን የማየው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ባለቤቴ «የልጆቹ ክፍል ጥግ ላይ መስመር ነገር አይቻለሁ» ትለኛለች፤ «አየዋለሁ» እላታለሁ። ማታ በአምፖል ብርሃን ስንጥቅ ከጥላ አይለይም፤ ደግሞም እንቅልፌ ይመጣል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትንሹ ልጄ ጣቱን እዚያ ጥግ ውስጥ ከትቶ ሲጫወት አየሁ። አሸንዳው ተገንጥሎ የጣሪያው ውሃ ክረምቱን ሙሉ ከመሠረቱ ሥር ሲገባ ከርሟል። የሰው ቤት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ባየሁት ነበር።

ከራቁት ነገር እንክብካቤም እንደሚርቅ የእኛ ገበሬ ቀድሞ ያውቃል። የቋሪትን ወይም የጃቢ ጠህናንን ገበሬ ግቢ ያየ ሰው ልብ ይበል፤ አመዱም ፍጉም የሚሄደው ወደ ጓሮ ነው። በቆሎው ከቤቱ ሥር ይዘራል፤ እሸቱን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው የቤቱ ዓይን ነውና። ጤፍና ዳጉሳ ወደ ሩቁ ማሳ ይሄዳሉ። ፍግ ተሸክሞ ያን ያህል የሚራመድ ስለሌለ ሩቁ ማሳ በየዓመቱ ይሳሳል፣ ጓሮው ይጠቁራል። ያው ገበሬ፣ ያው መሬት፣ ልዩነቱ እርምጃ ብቻ ነው።

ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትዘር የተባሉ የስዊዘርላንድ የኢኮኖሚ ምሁራን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ባሳተሙት ጥናት የጀርመን ነዋሪዎችን መረጃ ይዘው ርቀት ሰውን ምን እንደሚያስከፍለው ፈትሸው ነበር። ሰው ሩቅ የሚመላለሰው በተሻለ ቤት ወይም በተሻለ ደመወዝ ስለሚካስ ነው የሚለው ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ሩቅ የሚመላለሰውና ቅርብ የሚኖረው በኑሯቸው እኩል መደሰት ነበረባቸው። አልሆነም፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር እርካታው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥናቱን ያመጣችልኝ አዲስ አበባ የምትኖር እኅቴ ናት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሷት በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ውስጥ እንቅልፏን የምትጨርስ ሴት ስለሆነች ሊያስገርማት አልቻለም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እነዚያ ሰዎች የሚለኩት መንገድ ነገም ያለ መንገድ ነው።

የእኛ ከ2015 ክረምት ወዲህ እንዲያ አይደለም። በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገድ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴ ለቀናት። ከተማችን ወጀት የሚለውን የድሮ ስሟን ትታ ፍኖተ ሰላም፣ «የሰላም መንገድ»፣ ተብላለች፤ ፕላን ላይ አድራሻ ስጽፍ አሁን አሁን እጄ እዚያ ስም ላይ ቆም ይላል። መንገድ በተዘጋ ዕለት ቤቱ የሚገኝ ሰው ከሥራው ይቀራል፤ ደመወዙ ይቆረጥ ይሆናል። ሥራው ላይ እያለ የተዘጋበት ግን ቤተሰቡ ያለ እርሱ ያድራል፤ ስልክ ከጠፋ ደግሞ እንዴት እንዳደሩ እንኳ አያውቅም። በኪሎ ሜትርና በታሪፍ የሚሰላው ስሌት ይህን አይዝም።

ስለዚህ ደጃፉ ላይ ቆመን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «መንገድ የተዘጋ ዕለት የት ብትገኝ ትመርጣለህ?»

ዝም አለ። የመለሰችልኝ ሚስቱ ናት። «እሱ የትም ይገኝ ጋሼ፤ እኔ እዚህ ብገኝ ነው የምመርጠው። ቡሬ ላይ ልጅ ቢታመም በሌሊት የማንኳኳው በር የለኝም። እዚህ እናቴ ከዚያ ከግራሩ ማዶ ናት።» አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ እውነትም የቤታቸው ጭስ ይታያል።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ርቀቱን የምለካው ከፋብሪካው በር ተነሥቼ ነበር። ስድስት ዓመት ከዘመድ ርቃ የኖረችው፣ በጋራ ቧንቧ ወረፋ የጠበቀችው እሷ መሆኗ በስሌቴ ውስጥ አልነበረም። የእኔም ባለቤት ያን ጊዜ ቡሬ እንግባ ብላት እሺ አትልም ነበር፤ ምክንያቷን ጠይቄያት ግን አላውቅም። ለእሱ «ይቅርብህ» የሚለውን ቃል አፌ ላይ ይዤ ነበር የመጣሁት። ዋጥኩት። «ቤቱ ደህና ነው፤ መንገዱን እናንተው ተነጋገሩበት» ብዬ የመዶሻዬን ዋጋ ብቻ ተቀብዬ ተመለስኩ።

በግንቦት ደወለልኝ። ገዝተውታል። ፍኖተ ሰላም ላይ ቤተሰብ ያላቸው የገጠር መምህራን እንደሚያደርጉት፣ እሱም ቡሬ ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ሰኞ ንጋት ሄዶ ቅዳሜ ከሰዓት ይመለሳል። ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ ግማሹ ወደ ኪራይ ተመልሷል። ሁለቱን ምሰሶ ለውጧል። የደወለው ስለ ልስኑ ነው፤ ክረምት ሳይገባ የምዕራቡን ግድግዳ ራሱ ሊለስነው ፈልጎ፣ ጭቃው ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት ሊጠይቀኝ።

«ለአንተ ይመቻል» አልኩት። «ዛሬ ቅዳሜ ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠህ ተወው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ይደርሳል። በመሀሉ ግን እንዳይደርቅ ውሃ እየጨመረ የሚረግጠው ሰው ያስፈልጋል፤ ማክሰኞና ሐሙስ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከኋላው የልጆች ድምፅ ይሰማኛል።

«ትልቁ ልጅ አለ» አለኝ። «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እሱ ይረግጠዋል።» ስልኩን ለልጁ ሰጠው፤ ማክሰኞ ስንት ጀሪካን፣ ሐሙስ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚያፈስበት ለልጁ ነገርኩት።