ስንት የይለፍ ቃል እናስታውስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ከጂዳ ተመልሳ እኛ ቤት መጣች። በእጇ አዲስ ስልክ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አይታይም ነበር። የአምስት ዓመት ፎቶዎቿ፣ ለቤተሰቦቿ ገንዘብ የላከችባቸው ደረሰኞች፣ የሥራ ውሏ ቅጂ ሁሉ ያለው በኢሜይሏ ውስጥ ነው። ኢሜይሉን የከፈተላት እዚያው ጂዳ ስልክ የሸጠላት ልጅ ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉንም የመረጠው እሱ ነው። የማረጋገጫ ኮዱ ደግሞ የሚላከው በሳውዲው ቁጥሯ ነው፤ ያ ሲም ካርድ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል። ሦስት ምሽት ሞከርን። አልተከፈተም። እስከ ዛሬም አልተከፈተም።

ይህች እህት ግድ የለሽ ሰው አይደለችም። እስቲ ውድ አንባቢ፣ የእርስዎን ይቁጠሩ፦ ኢሜይል፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቴሌብር፣ የአንድ ወይም የሁለት ባንክ መተግበሪያ፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፣ የቤት ዋይፋይ። ውጭ አገር የሚኖሩማ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥባቸዋል።

በኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃልን በማስጀመር ስማቸው የሚነሣው ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤም አይ ቲ በተባለው ተቋም ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር ይጋሩ ነበርና፣ የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲለይ ብለው ነው ያመጡት። ያን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እኚሁ ሰው በ2014 ለጋዜጣ በሰጡት ቃለ ምልልስ ነገሩ ቅዠት እንደ ሆነ ተናግረዋል፤ የራሳቸውንም የይለፍ ቃሎች ወረቀት ላይ ጽፈው ይይዙ ነበር። ነገሩን የጀመሩት ሰው ካላስታወሱት እኛ ምን እንሁን?

በዚህ ላይ ሸክሙን ያከበደ ሌላ ነገር አለ። “አንድ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምልክት ያስገቡ፤ በየሦስት ወሩም ይቀይሩ” የሚለው ደንብ በዓለም የተስፋፋው ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ካወጣው መመሪያ ነው። የመመሪያው ጸሐፊ ቢል በር ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2017 በአብዛኛው ምክራቸው መጸጸታቸውን ገለጡ። ሰዎች ሲገደዱ የሚያደርጉት የታወቀ ነዋ! “ሰላም1!” የነበረውን “ሰላም2!” ይሉታል፤ ይህን ደግሞ ሌባውም ያውቀዋል። ተቋሙ በዚያው ዓመት ደንቡን ለውጦ፣ ቃሉ ተሰርቋል የሚል ምልክት ከሌለ በየጊዜው መቀየር አያስፈልግም፣ ከውስብስብነት ይልቅ ርዝመት ይሻላል ብሏል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ግን እስከ አሁን በአሮጌው ደንብ ሠራተኛውን ያስጨንቃሉ።

እንግዲህ ብዙዎቻችን የመረጥነው መፍትሔ ለሁሉም አንድ ቃል መጠቀም ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌባ ብዙ ጊዜ የእርስዎን ቃል በመገመት አይደክምም፤ ደካማ ጥበቃ ካለው ድረ ገጽ የሚሊዮኖችን ዝርዝር ሰርቆ ያንኑ ኢሜይልና ቃል በሌሎች ቦታዎች ሁሉ በፕሮግራም ይሞክራል። በ2012 ድሮፕቦክስ የተባለው ድርጅት የተዘረፈው አንድ ሠራተኛው ሌላ ቦታ የሚጠቀምበትን ቃል በሥራው ላይም በመድገሙ ነበር፤ ከ60 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መረጃ ወጣ።

የመረጥነው ቃል ራሱስ? በ2009 ሮክዩ ከተባለ ድርጅት 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃሎች ተሰርቀው ሲወጡ፣ ከሁሉ የበዛው 123456 ሆኖ ተገኘ። እኛን አማኞችን የሚመለከትም ነገር ነበረበት፦ “ጂሰስ” የሚለው ቃልና “ጆን316” ማለትም ዮሐንስ 3፥16 በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጥቅሱ የተወደደ ነው፤ ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ምስጢር ሊሆን አይችልም። የልጅ ስምና የትውልድ ዓመትም እንዲሁ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ የማምንበት ሁሉንም ለማስታወስ መሞከርን መተው ነው። በጭንቅላት የሚያዙት ሦስት ብቻ ይሁኑ፦ የስልክ መክፈቻ፣ የገንዘብ የሚስጥር ቁጥር፣ የኢሜይል ይለፍ ቃል። ኢሜይልን እዚህ ያስገባሁት ሌሎቹ ሲጠፉ መልሶ ማግኛው በእሱ በኩል ስለሚላክ ነው። ለእሱ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን ይደርድሩ፤ ለምሳሌ ጃንጥላ፣ ሽምብራ፣ ባቡር፣ ጉንዳን (ይህን ግን አይውሰዱት፤ እዚህ ታትሟል)። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ አንዱን ቃል ዛሬ በአንድ መልክ ነገ በሌላ ስለምንጽፈው፣ የፊደል አጣጣሉን አንዴ ወስነው ይያዙ።

የቀሩት በደብተር ይጻፉ። “ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር ነው” ስንባል ኖረናል፤ ነገር ግን ሩቅ አገር ያለ ሌባ ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ያለውን ደብተር አያይም። የደህንነት ባለሙያው ብሩስ ሽናየርም በ2005 ጽፎ መያዝን መክሯል። የማይሆነው የሚስጥር ቁጥርን ከኤቲኤም ካርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ መያዝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ መለጠፍ፣ ወይም የደብተሩን ፎቶ በቴሌግራም ማስቀመጥ ነው። ደብተር የማይመቸው ቢትዋርደንን ወይም ኪፓስን የመሰለ የይለፍ ቃል መያዣ ፕሮግራም ይጠቀም፤ አብዛኞቹ ስልኮችም የራሳቸው መያዣ አላቸው። ፕሮግራሙን የሚከፍተው አንድ ቃል ግን ከሚታወሱት ጋር ይደመራል።

በጽሑፍ መልእክት የሚመጣ ኮድስ? ለማንም አይነገርም። “በስህተት ወደ አንቺ ተላከብኝ፣ እባክሽ ንገሪኝ” የሚለው መልእክት ከሚያውቁት ወንድም ስልክ ቢመጣ እንኳ፣ ምናልባት የእሱ አካውንት ቀድሞ ተወስዷል። ደውለው ድምፁን ይስሙ።

አገር የሚቀይር ሰው ሲሙ ከመዘጋቱ በፊት፣ ገና በአሮጌው ቁጥር ኮድ መቀበል ሳለ፣ በኢሜይሉና በቴሌግራሙ ላይ ያለውን ቁጥር መለወጥ አለበት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሌላ ሰው ኢሜይል ከከፈተላችሁም እዚያው ሱቅ በር ላይ ሳላችሁ ቃሉን ቀይሩት።

በየአጥቢያችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። የመዘምራኑን ገጽ የከፈተው ወጣት ውጭ አገር ሄዶ፣ ወይም ተቀይሞ፣ ገጹ ከነመዝሙሩ ተዘግቶ ይቀራል። የቤተ ክርስቲያን ገጽ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች በየራሳቸው አካውንት ይኑሩት፤ የኢሜይሉ ቃልም በፖስታ ታሽጎ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም በሚቀመጥበት መሳቢያ ይቀመጥ።