የካንሰር ነርሷንስ ማን ይንከባከባታል?

በኢትዮጵያ የካንሰር የጨረር ሕክምና ለዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በባሌ ካለችው ከብድሬ ከተማ የተነሳ ታማሚ ሮቤ ሲደርስ አዲስ አበባ ለመግባት ገና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ታክሞ ሲመለስ ትኩሳቱንም ሕመሙንም የሚያዋያት በአቅራቢያው ያለችውን ነርስ ነው።

የካንሰር ነርስ ሥራ ለራሷም አደጋ አለው። ዶክሶሩቢሲን የተባለውን ቀይ የኬሞቴራፒ (የካንሰር) መድኃኒት እንውሰድ። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል፤ ስለዚህ ነርሷ መርፌው በትክክል ደም ሥር ውስጥ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትሰጥም፤ ታማሚው «አቃጠለኝ» ካለም ወዲያውኑ ታቆማለች። መድኃኒቱ የእሷንም ቆዳ ይጎዳል። ድርብ ጓንት፣ ጋውንና የዓይን መከላከያ የግድ ያስፈልጓታል። ከኬሞቴራፒ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት የታማሚው ሽንትና ትውከትም በጓንት ይያዛል። ነፍሰ ጡር ነርስ መድኃኒቱን ከማዘጋጀት ሥራ መነሳት አለባት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሐዘኑ ነው። በአገራችን ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት ይመጣል፣ አብሮት ይቀመጣል። ለወራት ያስታመመችው ሰው ያረፈባት ነርስ ግን አልጋውን አንጥፋ ሌላ ታማሚ ትቀበላለች። ከሞት በኋላ ባልደረቦች ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ስለ ሟቹ ቢነጋገሩ ምንም ወጪ የለውም፤ ልምዱ በየሆስፒታሉ ሊገባ ይገባል።

ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል የምትወጡ ተማሪዎች፣ እንዲህ ያለ ቀን የገጠማትን ነርስ «አይዞሽ» በሏት፤ በተረኝነቷም አግዟት።