ገብስ ወደ ደጋችን የመጣበት መንገድ



ሐሙሲት ስሟ እንደሚመሰክረው የሐሙስ ገበያ ናት። በእንዲህ ያለ ገበያ ላይ ከጤፉና ከኑጉ ጎን የገብሱን ጆንያ የሚያይ ሰው ሁሉንም የዚህ አፈር ተወላጅ አድርጎ ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ጤፍና ኑግ በአገራችን ከዱር ወደ ማሳ የገቡ ሲሆኑ ገብስ ግን እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ የተዘራው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን የተጓዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት ገደማ ዴንማርክ ደረሰ። ችግሩ ብርዱ ብቻ አልነበረም። ገብስ የቀኑን ርዝመት የሚቈጥር ተክል ነው፤ በትውልድ አገሩ ቀኑ ሲረዝም ድርቅ ይከተላልና ፈጥኖ ያሸታል። በሰሜን ግን በጋው ርጥብ ስለ ሆነ መቸኰሉ ምርቱን ያሳንሰዋል። ስለዚህ በዚያ የበረከተው የማይቸኵለው ዘር ነው።

ወደ እኛ የመጣው ሌላ ዐይነት አገር ገጠመው። በደብረ ታቦር ቀንና ሌሊት ዓመቱን በሙሉ እምብዛም አይበላለጡም፤ ብርዱም የከፍታ ብርድ ነው፤ ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋልና። ብርድ ሳይቈጥር የሚያሸተው ገብስ በዚህ ጸደቀ፤ ስንዴ በሚሰንፍበት ደጋም ሥር ሰደደ።

መቼ ደረሰ? ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ የላሊበላ ዋሻ የሚባል አለ (ከላስታው ላሊበላ ጋር እንዳይምታታ ማሳሰብ ይገባል)። ዋሻውን የቈፈሩት ጆአን ዶምብሮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1970 ዘገባ አውጥተዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ይሆናል ከተባለው አፈር ውስጥ የገብስና የሽንብራ ፍሬ፣ የከብት አጥንትም ተገኝቷል። ይህ በዚያ ዘመን ገብስ መኖሩን እንጂ ያን ጊዜ መጀመሩን አያስረዳም። በቀይ ባሕር ነው ወይስ በዐባይ ሸለቆ የገባው የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

እ.ኤ.አ. በ1927 የመጡት ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ የገብሳችንን ዐይነት ብዛት አይተው አገራችንን ከገብስ መገኛዎች አንዷ አድርገው ቈጠሯት። ግምታቸው ባይጸናም ያዩት ብዛት እውነት ነበር። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት ገብስ ዱቄት መሳዩን የቅጠል ሻጋታ የሚቋቋም ሆኖ ስለ ተገኘ ከአውሮፓ ገብስ ጋር ተዳቅሏል። እንግዳው ውለታውን ይዞ ወደ ሰሜን ተመለሰ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ ዘሩ በአዲስ አበባ በቅዝቃዜ ይጠበቃል። ቢሆንም በቅዝቃዜ ያለ ዘር በገባበት ቀን እንደ ነበረ ይቈያል፤ ከውርጩና ከበሽታው ጋር እየተላመደ የሚሄደው በገበሬው ማሳ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ አዲስ ምርጥ ዘር በሚታደልበት ጊዜ የነባሩን ገብስ ናሙና አስቀድሞ መሰብሰብ ከእደላው ጋር አብሮ የሚታቀድ ሥራ ነው።