የሌሊት ሙዚቃና የጎረቤት እንቅልፍ

የሰው ዐይን በእንቅልፍ ጊዜ ይከደናል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ሰው ተኝቶ ሳለ ጆሮው የሰማውን ሁሉ ወደ አንጎል ማድረሱን አያቋርጥም። አንጎልም ብርቱውን ድምፅ እንደ አደጋ ምልክት ስለሚቈጥረው ልብ ፈጥኖ ይመታል፥ የደም ሥሮችም ይጠብባሉ። ይህ ሁሉ ሰውየው ሳይነቃ በአካሉ ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ሲነጋ «ተኝቼ አድሬአለሁ» ቢልም ሰውነቱ ሙሉ ዕረፍት አላገኘም። በዚህ ወር ጽሑፋችን በምሽት ክበቦችና በአካባቢያቸው በሚኖሩ ሰዎች መካከል ስለሚነሣው ጠብ እንናገራለን። ጉዳዩ የጸጥታ ብቻ ሳይሆን የጤናም ነገር መሆኑ ከዚህ መግቢያ የሚታወቅ ይመስለናል።

ብዙ ጊዜ ይህ ጠብ የሚነገረው እንደ ጠባይ ነገር ተቈጥሮ ነው። ነዋሪው ባለ ክበቡን «ልጆቻችንን የሚያበላሽ» ብሎ ይከሰዋል፤ ባለ ክበቡም ነዋሪውን «በሰው እንጀራ የሚቀና» ይለዋል። እንዲህ ላለው ክርክር ዳኛ አይገኝለትም። ሆኖም ነገሩ በሦስት ጥያቄዎች ሊመዘን ይችላል፤ ይኸውም ድምፁ ምን ያህል ብርቱ ነው፥ በስንት ሰዓት ይሰማል፥ በሙዚቃውና በተኛው ሰው መካከልስ ምን ያህል ርቀትና ምን ዓይነት ግድግዳ አለ የሚሉት ናቸው። ሦስቱም በመሣሪያ፥ በሰዓትና በሜትር ይታወቃሉ። ጠቡ ያለ ስድብ ሊያልቅ የሚችለውም በእነርሱ ነው።

ሙዚቃ ለክልላችን ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራውን ዋዛ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ፥ እያንዳንዱ ነፊ የየድርሻውን ድምፅ እያወጣ፥ በኅብረት ይጫወተዋል። የዋዛ ድምፅ ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን የሚነፋበት ቀን የታወቀ ነው፥ የሚሰማውም ሕዝብ የደስታው ተካፋይ ነው። የኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ ግን ትንፋሽ አያጥረውም፥ ክንዱም አይደክምም። ቁልፉን አንድ ሰው በጣቱ ሲያዞረው ያልተጠራው ሁሉ፥ ሕመምተኛውም አራስዋም፥ ሳይወድ የጭፈራው ታዳሚ ይሆናል። ይህም በዓመት አንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ብዙ ሌሊት ይደጋገማል።

ድምፅ እንዴት ይለካል?

የድምፅ ብርታት የሚለካው ዴሲቤል በተባለ መለኪያ ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው በደኅና ሲነጋገሩ ድምፃቸው ወደ 60 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ በምሽት ክበብ ውስጥ ግን 100 ዴሲቤል መድረሱ የተለመደ ነው። የዚህ መለኪያ አቈጣጠር እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ አይደለም። ቍጥሩ በ3 ሲጨምር የድምፁ ኀይል እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ሲጨምር ደግሞ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጐልቶ ይሰማል። ስለዚህ «አምስት ዴሲቤል ብቻ ነው ያለፍነው» የሚል ሰው ትንሽ የተናገረ ቢመስለውም፥ የተናገረው ስለ ብዙ ነው።

በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቍጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከአንድ ድምፅ ማጉያ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል የሚለካ ሙዚቃ፥ በ2 ሜትር 94፥ በ4 ሜትር 88 ይሆናል። በዚሁ ስሌት በ64 ሜትር ላይ ገና 64 ዴሲቤል ነው፤ ወደ 46 የሚወርደውም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ ነው። ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ የሚያስጮኽ ቤት ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን መንደሩን በሙሉ የሚቀሰቅሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም ሌላ ወፍራሙ የከበሮና የቤዝ ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ግድግዳን አልፎ ይሄዳል። ወፍራም የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ብዙውን ያስቀረዋል። በእንጨትና በጭቃ ወይም በቀርከሃ ተሠርቶ ቆርቆሮ ወይም ሣር የለበሰ ቤት ግን ድምፅን ለመከላከል ዐቅሙ ትንሽ ነው። በአሶሳና በዙሪያዋ እንዲህ ያሉ ቤቶች ስላሉ፥ ለትልልቅ ሕንፃዎች የማያስቸግር ድምፅ ለእኛ ሊያስቸግር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

በአካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ባወጣው መመሪያ፥ ሰው ደኅና እንቅልፍ እንዲያገኝ በመኝታ ቤት ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ለብዙ ጊዜ በድምፅ ምክንያት እንቅልፍ የሚጐድለው ሰው ቀን ቀን ይነጫነጫል፥ ሐሳቡም ይበታተናል። ድምፁ ለዓመታት ሲቀጥል ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑን ሐኪሞች በጥናት ተረድተዋል።

ልጆች ከሁሉ በበለጠ ይጐዳሉ። ዕድሜአቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆነ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉትም ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። ጭፈራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዘልቆ፥ ልጁ ግን ማለዳ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ፥ ይህ መጠን ከየት ይገኛል? በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ተማሪ «ሰነፍ» ከማለት በፊት፥ ሌሊቱን በምን ዓይነት ሰፈር እንዳሳለፈ መጠየቅ የመምህር ፋንታ ነው።

ሁለተኛው ተጐጂ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የክበቡ ሠራተኛ ነው። ለጆሮ የማያሰጋው መጠን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፥ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በ100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። አስተናጋጅዋ፥ ዘፋኙና ሙዚቃ አጫዋቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ይቆማሉ። ከሥራ ሲወጡ ጆሮአቸው ቢጮኽ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ይወቁት። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ በኋላ ተመልሰው አይበቅሉም፤ የሚተካቸውም መድኃኒት የለም።

የአዲስ አበባ ትምህርት

ይህ ጠብ በአገራችን ጐልቶ የታየው በአዲስ አበባ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ምሽቱን መዝናናት የሚወድ ሰው የሚጠራው ሰፈር ውቤ በረሃ ነበር። ከ1966 ዓ. ም. ለውጥ በኋላ በነበረው የሰዓት እላፊ ዘመን ደግሞ፥ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ሙዚቃው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። ከ1983 ዓ. ም. በኋላ በካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች፥ በቦሌና ቺቺኒያ በተባለው ሰፈር የምሽት ክበቦች ተበራከቱ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የተከፈቱት ለመኖሪያ በታሰቡ ቤቶች ውስጥ ነበር። አንዱ ቤተ ሰብ ልጆቹን በሚያስተኛበት ግድግዳ ማዶ ሌላው ድምፅ ማጉያውን አቆመ፤ ጠቡም በዚህ ተጀመረ።

ነዋሪዎች አቤቱታ ማቅረባቸውን አላቋረጡም። የከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ከልክ ያለፈ ድምፅ የሚያሰሙ ቤቶችን በየጊዜው ሲያስጠነቅቅና ሲያሽግ ቈይቷል። ማሸግ ግን ዘግይቶ የሚመጣ መድኃኒት ነው። ባለቤቱ ገንዘቡን ካፈሰሰ፥ ሠራተኞቹም በዚያ መተዳደር ከጀመሩ በኋላ ቤቱ ሲዘጋ ብዙ ሰው እንጀራውን ያጣል። ነዋሪውም እስከዚያ ድረስ ጤናውን ከፍሏል። አሶሳን የመሰለ በማደግ ላይ ያለ ከተማ ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ቦታው አስቀድሞ ቢለይ ሁለቱም ወገን ሳይጐዳ ይቀራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225 ላይ፥ ባለ ንብረት በይዞታው ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ፥ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፥ ጥቀርሻ፥ መጥፎ ሽታ፥ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል። የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ የሚፈቅደውን ግን ሕጉ ይታገሣል። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995ም ለድምፅ ልክ እንዲወሰን አዝዟል። በዚህ መሠረት በወጣው ደረጃ፥ በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፥ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ በንግድ ሰፈር ቀን 65፥ ሌሊት 55 ዴሲቤል ተፈቅዷል። ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው።

በውጭ አገርም ለዚህ ጠብ የተፈለገ መፍትሔ አለ። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ2014፥ እንግሊዝ አገርም በ2018 በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ «የኋላ መጪው ራሱን ያስተካክል» የሚል መንፈስ ያለው ደንብ ተቀብለዋል። በቈየ መኖሪያ መካከል ክበብ የሚከፍት ሰው ድምፁን የሚያፍንበትን ወጪ ራሱ ይችላል፤ በቈየ ክበብ አጠገብ ቤት የሚሠራም እንዲሁ የራሱን ቤት ድምፅ በማያስገባ ግድግዳ ይሠራል። ይህ ፍርድ ለሁለቱም ወገን የተመዛዘነ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ባለ ክበቦች ድምፅ ማጉያውን ከበርና ከመስኮት አርቀው ፊቱን ወደ ውስጥ ያዙሩት፤ ከግድግዳ ጋር እንዳይነካካም ከሥሩ ወፍራም ጎማ ያንጥፉ። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ብዙ ትንንሽ ማጉያዎችን በዝቅተኛ ድምፅ መጠቀም ይሻላል። መግቢያው ሁለት በር ቢኖረውና አንዱ ሲከፈት ሌላው ቢዘጋ ድምፁ አያመልጥም። ስፖንጅና የእንቍላል መያዣ ካርቶን በግድግዳ ላይ መለጠፍ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣውን ድምፅ አያስቀርም፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን በከንቱ አታውጡ። ደንበኞች ሲወጡም በደጅ እንዳይጮኹ፥ መኪናና ባጃጅም ጡሩምባ እንዳይነፋ ዘበኛው ያሳስብ።

ሁለተኛ፥ ለሠራተኞች የጆሮ መወተፊያ ይሰጥ፤ ተራ በተራም ጸጥ ባለ ክፍል ይረፉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው ደረጃ ለሙዚቃ ቤቶች የመከረው ከዚሁ የሚስማማ ሲሆን፥ በቤት ውስጥ ያለው ድምፅም በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ወስኗል።

ሦስተኛ፥ ነዋሪዎች በሌሊት በቍጣ ከመሄድ ይልቅ በቀን፥ ሽማግሌ ይዘው፥ ባለቤቱን ያነጋግሩት። ድምፁ የተሰማበትን ቀን፥ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ። ነገሩ በዕርቅ ካላለቀ መዝገቡን ይዘው ወደ ቀበሌ፥ ከዚያም የአካባቢ ጥበቃን ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያቅርቡና ድምፁ በመሣሪያ ይለካ። ቀንና ሰዓት የተጻፈበት አቤቱታ በስማ በለው ከቀረበው ይልቅ ይሰማል።

አራተኛ፥ ፈቃድ ሰጪዎች የምሽት ቤት ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ቦታውን በዐይናቸው አይተው፥ ከመኖሪያ፥ ከሐኪም ቤትና ከተማሪዎች ማደሪያ ያለውን ርቀት ይመርምሩ።

መዝናናት ለሰው ልጅ እንደሚያስፈልገው ሁሉ እንቅልፍም ያስፈልገዋል። የሚዝናናው ሰው ቦታና ሰዓት መምረጥ ይችላል፤ በጭቃ ግድግዳ ማዶ የተኛው ሕፃን ግን ሰፈሩንም ሰዓቱንም የመረጠው እርሱ አይደለም። ስለዚህ ልኩ የሚወሰነው በእርሱ ጆሮ ተመዝኖ ይሁን እንላለን።