ፈንቃዩ የጠፋበት ቃል

ገበሬ ማሳው ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ሲያስቸግረው ዶማ ከሥሩ ሰክቶ ይፈነቅለዋል። መፈንቅለ መንግሥትም ከዚሁ ግስ የመጣ ነው። በሁለቱም ከሥር የገባ እጅ አለ፤ ፈንቃዩ ይታወቃል። ሰው ላይ ሲደርስ ግን ግሱ መልኩን ይለውጣል፤ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ሰው ይፈናቀላል። ይህ ቅርጽ የእነ "ተጋደለ" ዘመድ ነው፤ አድራጊና ተደራጊ ይደባለቁበታል። "አፈናቃይ" የሚል ቃል አጥተን አይደለም፤ ሪፖርት ውስጥ ግን እምብዛም አይገባም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሲወጣም ዜናው "ከቀያቸው የተፈናቀሉ" እያለ ቁጥር ይጠራ ነበር።

ስደት ሌላ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ተሰዳለች፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ ይቆምላታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ስደተኛ ነበሩ። ተፈናቃይ ግን ማኅሌት የለውም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ "ተነሺ" ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ ለመንገድ ወይም ለኮሪደር ልማት የፈረሰበት ሰው "የልማት ተነሺ" ይባላል፤ ማለዳ ከእንቅልፉ በገዛ ፈቃዱ የተነሣ ይመስል! ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ገልጣችሁ ሁለቱን ዐምዶች አስተያዩ። አማርኛው "ተነሺዎች" ባለበት ቦታ እንግሊዝኛው ያስቀመጠው ጦርነት ላባረረው ሰው የሚሠራበትን ያንኑ "displaced" የሚለውን ቃል ነው። እንግሊዝኛው አንድ ያደረጋቸውን አማርኛው ለያይቷቸዋል፤ አንደኛው ዕርዳታ ይጠብቃል፣ ሌላው ካሳ። በአገር ውስጥ ስለተፈናቀሉ ሰዎች የሚደነግገውን የካምፓላ ስምምነት በየካቲት 2012 ስናጸድቅም ይህ የቃል አጥር አልፈረሰም።

በአውሮፓውያኑ 2021 ኢትዮጵያ ውስጥ በግጭት ሳቢያ 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል ተመዝግቧል፤ እስከዚያ ድረስ በየትኛውም አገር በአንድ ዓመት በግጭት ሳቢያ ከተቆጠረው ሁሉ የበለጠ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ግን ቡና ላይ ሲጫወቱ "ሸሸን"፣ "ሌሊት ወጣን" ነው የሚሉት። ባለቤት ያለው ግስ ነው። "ተፈናቃይ ነን" የሚሉት ዱቄት ሲመጣና መዝገብ ሲከፈት ነው።

ቃሉ በቅርጹ የ"ተማሪ" ወንድም ነው፤ ተማሪ ግን ይመረቃል። ደብረ ብርሃን፣ ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ ውስጥ ከወለጋ ከመጡ ወላጆች የተወለደ ሕፃንም ተፈናቃይ ይባላል፤ ከየትም ሳይነቀል።