ለሠርግ ፎቶ ጀማሪዎች የትኛው ሌንስ ይቅደም?

ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ሳምንታት፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት፣ በገጠርም በከተማም ዳስ የሚጣልባቸውና እልልታ የሚሰማባቸው ጊዜያት ናቸው። በእነዚህ ወራት ሥራ ከሚበዛባቸው ሰዎች መካከል ፎቶ አንሺዎች ይገኙበታል። ቀደም ሲል ፎቶ አንሺ ከትልቅ ከተማ ይጠራ ነበር። ዛሬ በወረዳ ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎችም ካሜራ ይዘው ወደ ሥራው ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች አሉ።

የመነሻ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከቤተሰብ ጥሪት ነው፤ ከደለበ በሬ ሽያጭ፣ ከዕቁብ ወይም ከብድር። ያለ በቂ ዕውቀት የተገዛ ሌንስ ይህን ጥሪት አስሮ ያስቀምጣል። በሌላ በኩል ሠርግ አይደገምም። ዝናብ ያበላሸው ማሳ በቀጣዩ ዓመት ይታረሳል፤ አባት ልጁን ሲመርቅ ያመለጠ ፎቶ ግን ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ጀማሪው "የትኛው ሌንስ ውድ ነው?" ከማለቱ በፊት "የማነሣው ሠርግ ብርሃኑ ምን ያህል ነው? የምቆመውስ በምን ያህል ርቀት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

በሌንስ ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች

ብዙ የጀማሪ ካሜራዎች ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ከሚል ሌንስ ጋር ይገኛሉ። ይህ የመጀመሪያው ቁጥር የእይታን ስፋት ያመለክታል። 18 ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ 55 ጠበብ አድርጎ ያቀርባል፤ 200 ደግሞ በሩቅ ያለውን ሰው ፊት ለብቻው ይነጥላል።

ሁለተኛው ቁጥር ኤፍ ከሚለው ፊደል ጋር የሚጻፈው ሲሆን ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ መጠን ይገልጻል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይደናገራሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

ልዩነቱ በተግባር ይታያል። በደብዛዛ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሌንስ አንዱን ፎቶ ለማንሣት የሰከንድ 1/15ኛ ያህል ጊዜ ከፈለገ፣ በዚያች ቅጽበት ሙሽራው ቢንቀሳቀስ ፊቱ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ሌንስ በዚያው ብርሃን በሰከንድ 1/125ኛ ማንሣት ስለሚችል ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል።

የሠርጉ ቦታዎች የሚጠይቁት

የተክሊል ሥነ ሥርዓት በአብዛኛው በማለዳ፣ ብርሃኑ አነስተኛ በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይፈጸማል። ፎቶ አንሺው እንደ ልቡ ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ፍላሽ ማብራትም ጸሎቱን ሊያውክ ይችላል። አስቀድሞ ካህናቱን አስፈቅዶ የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ አለበት። በኒካሕ ሥነ ሥርዓትም እንዲሁ ከቤተሰቡና ከሃይማኖት አባቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ቀዳዳው የሰፋ ሌንስ ያለ ፍላሽ ለመሥራት ያስችላል።

ዳስ ሌላ ፈተና አለው። በሰማያዊ ወይም በቢጫ ሸራ የተሸፈነ ዳስ የሰዎችን መልክ በዚያው ቀለም ይነክረዋል። ፍላሽን ወደ ሸራው አዙሮ ማብራትም ቀለሙን መልሶ ፊት ላይ ያመጣዋል። ሙሽሮቹን ለዋና ዋና ፎቶዎች ወደ ዳሱ አፍ፣ የቀን ብርሃን ወደሚገባበት ጠርዝ ማቅረብ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ደጅ ላይ በቀትር ፀሐይ የሚነሣ ፎቶ በዐይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። የዋርካ ወይም የሾላ ጥላ ይህን ያስቀራል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ በበዛበት ፎቶ ደግሞ ካሜራው ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ምስሉን ያጨልማል፤ የሙሽሪት ፊትም ይጠቁራል። እንዲህ ሲሆን የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለእስክስታና ለጭፈራ ፍጥነቱን ቢያንስ ወደ ሰከንድ 1/250ኛ ማድረስ ይመከራል። ዘመድ አዝማድ በሁለትና በሦስት ረድፍ ሲቆም ግን ኤፍ 1.8 አይሠራም፤ ፊት ያሉት ጠርተው ኋላ ያሉት ይደበዝዛሉ። ለዚህ ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ያለው ይሻላል። በ18 ሚሊ ሜትር ቀርቦ ማንሣትም በምስሉ ጠርዝ ያሉትን ሰዎች ፊት ስለሚለጥጥ ሙሽሮቹንና ሽማግሌዎቹን መሐል ላይ ማቆም ይገባል።

የግዢ ቅደም ተከተል

ጀማሪው ከካሜራው ጋር የመጣውን ሌንስ መጣል የለበትም። ለቀን ብርሃን፣ ለቡድን ፎቶና ለዳሱ አጠቃላይ እይታ በቂ ነው። ቀጥሎ የሚገዛው ባለ አንድ ርቀት ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌሎቹ ሌንሶች ይልቅ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ክብደቱም ቀላል ነው።

50 ሚሊ ሜትር ወይስ 35? መልሱ በካሜራው ይወሰናል። በአብዛኞቹ የጀማሪ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ምስል ተቀባይ ክፍል ትንሽ በመሆኑ 50 ሚሊ ሜትር የሚያሳየው እይታ በኒኮንና በሶኒ እንደ 75፣ በካኖን እንደ 80 ይጠብባል። ይህ ለአንድ ሰው ፎቶ ያማረ ነው፤ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ በማይመች ጠባብ ቤት ግን ያስቸግራል። በቤት ውስጥ ብዙ የሚሠራ ሰው 35ን ቢያስቀድም ይጠቀማል።

ሦስተኛው ፍላሽ ነው። ከዚያ በኋላ ገቢው ሲፈቅድ ኤፍ 2.8 የሆነ ዙም ሌንስ ይመጣል፤ ለትንሹ ካሜራ ከ17 እስከ 50፣ ለትልቁ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር። ከ70 እስከ 200 የሚደርሰው ከባድና ውድ ሌንስ ሥራው እስኪደላደል ድረስ የሚከራይበት ቦታ ካለ መከራየት ያዋጣል።

ሲገዙ የሚታይ ነገር

የአንዱ ድርጅት ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ በቀጥታ አይገጥምም። በአንድ ድርጅት ምርቶች መካከልም ልዩነት አለ። ለምሳሌ ኒኮን ዲ 3500ና ዲ 5600 በውስጣቸው የትኩረት ሞተር ስለሌላቸው፣ ሞተር የሌለው የቀድሞ ሌንስ ሲገጠምላቸው ትኩረቱ በእጅ ብቻ ይስተካከላል። በሚፈጥን ሠርግ ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። ስለዚህ ካሜራውን ይዞ ሄዶ፣ ሌንሱን ገጥሞና ፎቶ አንሥቶ ሳያዩ መክፈል አይገባም።

ያገለገለ ሌንስ ሲሆን በመስታወቱ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ መመልከት ያስፈልጋል። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። እርጥበት በጎተራ ያለ እህልን እንደሚያሻግት ሁሉ፣ በክረምት በቦርሳ ታሽጎ የሚከርም ሌንስንም ያበላሻል። አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል።

ለደጋሽ ቤተሰቦች

ፎቶ አንሺ የሚቀጥር ቤተሰብ የተመረጡ አሥር ፎቶዎችን ብቻ ሳይሆን አንድን ሠርግ ከጧት እስከ ማታ የሚያሳይ ሥራ ቢጠይቅ የባለሙያውን ብቃት በሚገባ ያውቃል። ካሜራው ቢበላሽ ምትክ መኖሩን፣ ፎቶዎቹ በሁለት ቦታ እንደሚቀመጡና የርክክቡን ቀን በጽሑፍ መስማማትም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ጀማሪው በበኩሉ ክፍያ ከመቀበሉ በፊት በክርስትና፣ በምረቃና በመልስ ግብዣዎች ላይ ቢለማመድ፣ ልምድ ካለው ባለሙያ ጎንም ሁለት ሦስት ሠርግ ቢሠራ መልካም ነው። ትርፍ ባትሪና ትርፍ ሚሞሪ ካርድ ሳይዝ ከቤት አይውጣ። ሁለት ሌንሶቹን በሚገባ ያወቀ ወጣት ሦስተኛውን ከሥራው ገቢ ይገዛዋል፤ ለዚያ ሌላ በሬ መሸጥ አያስፈልግም።