ማኅበሩ አለ፣ ድርድሩስ?

በአንድ ፋብሪካ የሥራ ልብስ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚታደል፣ ሰርቪሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ቦነስ በምን እንደሚሰላ፣ ሠራተኛ ሲሞት ለቤተሰቡ ምን እንደሚሰጥ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ አዋጅ ሳይሆን ኅብረት ስምምነት የሚባለው ሰነድ ነው። አዋጁ ወለሉን ብቻ ያስቀምጣል፤ በሳምንት ቢበዛ 48 የሥራ ሰዓት፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለወላድ 120 ቀን። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በድርድር የሚገኝ ነው።

አሠራሩ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኞች ካሉ መሠረታዊ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ማኅበሩ ለድርድር ሲጠራው አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ሳይግባቡ የቀሩበት ነጥብ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ሥራ ማቆምም መብት ነው፤ ሆኖም አድማው ሕጋዊ እንዲሆን ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰንና አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው። እንደ መብራት፣ ውኃ፣ ሆስፒታልና አየር መንገድ ያሉ አገልግሎቶች ደግሞ ከናካቴው አድማ አይፈቀድላቸውም።

የመደራጀቱ መብት በነፃ አልተገኘም። የምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ሕግ ሳይኖራቸው ነው መደራጀት የጀመሩት። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1966 ዓ.ም. የጠራው አጠቃላይ አድማ የአብዮቱን ዋዜማ አናወጠ። ከጥያቄዎቹ መካከል ሁለቱን ልብ ይሏል፤ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን፣ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር መደራጀት ይፈቀድላቸው። ደርግ ማኅበሩን አፍርሶ በምትኩ ለራሱ የሚመች አቋቋመ። ከ1983 በኋላ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ተተካ፤ ነገር ግን የመንግሥትን የመዋቅር ማስተካከያ ፖሊሲ አጥብቆ ሲተች በ1987 ምዝገባው ተሰረዘ፣ ፕሬዚዳንቱ ዳዊ ኢብራሂም ተሰደዱ፣ ኮንፌዴሬሽኑም በ1989 በሌላ አመራር ተመለሰ። መሪው ሲናገር የሚሰደድበት ማኅበር ጠረጴዛ ላይ ጠንክሮ እንዲደራደር መጠበቅ ይከብዳል።

የዛሬው የማኅበራት መዳከም ግን በእገዳ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ብዙ ያልተወራላት አንዲት ንዑስ አንቀጽም አለችበት። በማሻሻያ አዋጅ 494/1998 ገብታ በ2011ዱ አዋጅም ቀጥላለች። ተዋዋዮቹ ስምምነቱ ከማብቃቱ ቢያንስ 3 ወር አስቀድመው እንደገና መደራደር አለባቸው ትላለች። እስከዚህ ድረስ ደግ ናት። ቀጥላ ግን፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተቋጨ ስለ ደመወዝና ስለ ጥቅማ ጥቅም የሚናገሩት አንቀጾች ሥራ ላይ አይውሉም ትላለች። እንግዲህ አስቡት። ድርድሩ ሲጓተት አሠሪው የሚያጣው የለም፤ ቦነሱና የሕክምናው ወጪ ሲቋረጥ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው። አሠሪዎች በበኩላቸው ያለዚህ የጊዜ ገደብ ድርድር አያልቅም ይላሉ። እውነትም ድርድር መጎተት የሁለቱም ወገን በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ለአንዱ ብቻ የታዘዘ ነው።

በዚህ ላይ ኑሮ ውድነቱ አለ። ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ ስምምነቱ ለ3 ዓመት ይጸናል። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲንር፣ በመጀመሪያው ዓመት ደህና የነበረ ጭማሪ በሦስተኛው ዓመት የታክሲ እንኳ አይሆንም። ከባድ የኢኮኖሚ ለውጥ ሲያጋጥም ጊዜው ሳይደርስ ለመጠየቅ ሕጉ በር ትቷል፤ በሩን ለማንኳኳት ግን ጠንካራ ማኅበር ያስፈልጋል።

ማኅበር በሌለበትስ? በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሩ ማሳያ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሲሆን፣ ልብስ አምርተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ተደራጅተው ከመጠየቅ ይልቅ ሥራውን ጥለው ወጡ። በየወሩ ፊቱ የሚቀያየር ሠራተኛ ደግሞ ማኅበር አይመሠርትም፤ ቢመሠርትም መሪዋ ነገ የለችም።

የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ወለል እንዲወስን ደንግጓል። በ2015 ዓ.ም. በሠራተኞች ቀን ኢሠማኮ ይህ እንዲፈጸምና የደመወዝ ግብር እንዲቀነስ ለመጠየቅ ሰልፍ ሲያስብ አልተፈቀደለትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩም ከዚህ አዋጅ ውጭ ስለሆኑ ኅብረት ስምምነት መደራደር አይችሉም። የ1966ቱ ሁለት ጥያቄዎች አሁንም ጥያቄ ናቸው ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መሥሪያ ቤትዎ ኅብረት ስምምነት ካለው አንድ ቅጂ ከማኅበርዎ ጠይቀው ይውሰዱ፤ የሚያበቃበትንም ቀን ይፈልጉ። ቀኑ ከ3 ወር በታች ቀርቶት ከሆነና ድርድር ካልተጀመረ፣ ሊቀመንበሩን ዛሬውኑ ይጠይቁ።